መንገድ፣ የልጆች ውፍረትና ጤናማ ምግብ፦ የአሜሪካ የትራንስፖርት ፖሊሲ ለሙስሊም ቤተሰቦች ምን ማለት ነው?

የልጆች ከልክ ያለፈ ውፍረት ሲነሳ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ወላጅ ላይ፣ በተለይም እናት ላይ ነው። ምን አበላችው? ለስላሳውን ለምን ገዛችለት? ስልኩን ለምን አልቀማችውም? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ግን ግማሽ ጥያቄዎች ናቸው። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ መሄድ ይችላል ወይ? ጎመንና ቲማቲም የሚሸጥ ሱቅ ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? መኪና የሌላት እናት ሁለት ከረጢት ተሸክማ በየትኛው አውቶቡስ ትመለሳለች? የእነዚህ መልስ የሚገኘው ከቤተሰቡ ማድ ቤት ሳይሆን መንገድ ከሚያቅደውና በጀት ከሚመድበው አካል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው የአሜሪካን ጉዳይ ነው። መንገድ፣ ምግብና የልጆች ጤና እንዴት እንደሚያያዙ በስፋት የተጠናው እዚያ ስለሆነ አንዱ ምክንያታችን ይህ ነው። ሌላው ደግሞ በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎምበስ ኦሃዮ፣ በሲያትልና በሌሎችም ከተሞች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም ቤተሰቦች ብዙ መሆናቸው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከልክ ያለፈ ውፍረት ስንል

አዋቂን የሚለኩት በክብደትና በቁመት ስሌት ነው፤ ውጤቱ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ልጅ ግን እያደገ ስለሆነ አንድ ቁጥር ለሁሉም አይሠራም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ልጁን በእድሜና በጾታ ከሚመስሉት ልጆች ጋር በሰንጠረዥ ያነጻጽረዋል። ስሌቱ ከ100 ልጆች የ95ቱን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። በ85 እና በ95 መካከል ያለው ክብደቱ ከሚገባው በላይ እንደሆነ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ መለኪያው ከመቶ አምስቱን ብቻ የሚያወጣ ከሆነ እንዴት ከአምስት ልጅ አንዱ ወፍራም ይባላል? ነገሩ ሰንጠረዡ የተሠራው ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ በተለኩ ልጆች ነው። የዛሬ ልጆች የሚነጻጸሩት በአብዛኛው ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው ትውልድ ጋር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ2 እስከ 19 ዓመት ካሉት አሜሪካውያን ልጆች 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ነበሩ ከዚህ መስመር በላይ። ከ2017 እስከ መጋቢት 2020 በተደረገው ልኬት ቁጥሩ 19.7 በመቶ ደርሷል፤ ይህም 14.7 ሚሊዮን ልጅና ወጣት ማለት ነው። የሰው ልጅ ተፈጥሮ በሃምሳ ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው ኑሮው ነው።

በእኛ ዘንድ የልጅ መወፈር የደስታ ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ረሃብን ያየ ሕዝብ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ሲያይ አልሐምዱሊላህ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ዛሬ ሐኪሞች ቀድሞ የአዋቂ በሽታ የነበረውን ሁለተኛውን ዓይነት የስኳር በሽታ በአሥራዎቹ እድሜ ባሉ ልጆች ላይ ያገኙታል። የደም ግፊት፣ በጉበት ላይ ስብ መከማቸት፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ አብረውት ይመጣሉ። በመድረሳና በትምህርት ቤት የሚደርስባቸው ፌዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው፤ በሰው ላይ ማላገጥን ሱረቱል ሑጁራት እንደከለከለ ልጆቻችንን ከማስተማር ጋር የሚሄድ ጉዳይ ነው።

ከ1956 ወዲህ

ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሰኔ 1956 የፈረሙት ሕግ 41,000 ማይል የሚሆን አገር አቋራጭ ፈጣን መንገድ እንዲሠራ የሚያዝ ነበር። የፌዴራል መንግሥት ከወጪው 90 በመቶ ይሸፍናል፣ ክፍለ አገሩ የቀረውን። አንድ ከንቲባ አንድ ዶላር ሲያወጣ ዘጠኝ ዶላር የሚጨመርለት ከሆነ ምን እንደሚሠራ መገመት አያዳግትም። ለእግረኛ መንገድና ለአውቶቡስ እንዲህ ያለ ስጦታ አልነበረም።

ገንዘቡ የሚመጣው ከነዳጅ ግብር ነው። ግብሩ በ1993 በአንድ ጋሎን ቤንዚን 18.4 ሳንቲም ላይ ቆመ፤ ከዚህ ውስጥ ለሕዝብ ማመላለሻ የሚሄደው 2.86 ሳንቲም ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን የተጀመረው በ1982 በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ገንዘቡ በጠቅላላ የመንገድ ነበር ማለት ይቻላል።

መንገዶቹ በከተማ ውስጥ ሲያልፉ የሚያልፉት መሬቱ ርካሽ በሆነበት፣ ነዋሪውም ድምፅ በሌለው ሰፈር ነበር። በሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ሮንዶ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ኢንተርስቴት 94 ሲሠራ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ፤ ከ600 በላይ ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ። ቤት ብቻ አይደለም የሄደው። ሥጋ ቤቱ፣ አትክልት ሻጩ፣ ልጆች ተሻግረው የሚጫወቱበት ጎዳናም አብሮ ሄደ። በአጎራባቿ ሚኒያፖሊስ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩበት ሲዳር ሪቨርሳይድ እስከ ዛሬ በሁለት ፈጣን መንገዶች ተከቦ ነው ያለው። ከሌሎች የተሻለ ያደረገው በ2004 እና በ2014 የተከፈቱት ሁለት የቀላል ባቡር መስመሮች በአጠገቡ ማለፋቸው ነው።

የዞኒንግ ሕግም መኖሪያን ከሱቅ ለየ። አገር ቤት ከበር ወጥቶ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ሽንኩርት ገዝቶ መመለስ የሁለት ደቂቃ የልጅ ሥራ ነው። በብዙ የአሜሪካ ሰፈሮች ግን መኖሪያ ቤቶች መሐል ሱቅ መክፈት በሕግ አይፈቀድም። ሱቁ ያለው ከስድስት መስመር ጎዳና ማዶ፣ ከሰፊ የመኪና ማቆሚያ ጀርባ ነው።

ልጁ መራመድ ያቆመው መቼ ነው?

በ1969 ከ5 እስከ 14 ዓመት ካሉት አሜሪካውያን ተማሪዎች 48 በመቶው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ወይም በብስክሌት ነበር። በ2009 ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ወረደ። ብዙ ሰው «ትምህርት ቤቱ ስለራቀ ነው» ይላል፤ እውነትነት አለው፣ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ከትምህርት ቤታቸው በአንድ ማይል ክልል ውስጥ ከሚኖሩት መካከል እንኳ በ1969 89 በመቶው በእግር ወይም በብስክሌት ይሄዱ ነበር፤ በ2009 ግን 35 በመቶው ብቻ። አንድ ማይል አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ልጅ በሃያና በሃያ አምስት ደቂቃ ይደርስበታል።

ትምህርት ቤቶቹ የራቁበትም የራሱ ታሪክ አለው። ለረጅም ጊዜ ክፍለ አገሮች ሲከተሉት የነበረው መመሪያ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢያንስ 10 ኤከር፣ ለሁለተኛ ደረጃ 30 ኤከር፣ በዚያም ላይ ለየመቶ ተማሪው አንድ ኤከር የሚጠይቅ ነበር። በተሠራ ሰፈር ውስጥ ይህን ያህል መሬት የት ይገኛል? ስለዚህ አሮጌው የሰፈር ትምህርት ቤት እየተዘጋ አዲሱ ከከተማ ጫፍ በትልቅ መንገድ ዳር ተሠራ። መመሪያው በ2004 ቢነሳም ሕንጻዎቹ ባሉበት ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። በ2009 በአሜሪካ መንገዶች ላይ የሞቱት እግረኞች 4,100 ገደማ ነበሩ። በ2022 ከ7,500 በለጡ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት፣ መኪና በፍጥነት በሚያልፍበት ጎዳና ልጇን ለብቻው የማትልክ እናት ሰነፍ አይደለችም። ችግሩ እያንዳንዱ ወላጅ ልጁን ለማዳን በመኪና ሲያደርስ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚጨመረው መኪና ለሌላው ልጅ አደጋ መሆኑ ነው።

ልጆች በቀን 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመከራል። ወደ ትምህርት ቤት ደርሶ መመለስ የዚህን ግማሽ ያህል ሊሸፍን ይችል ነበር፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ አሰልጣኝ፣ ያለ ልዩ ልብስ። በእኛ ቤተሰቦች ሁኔታ ነገሩ ይብሳል። ልጁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ በመኪና ይመለሳል፣ ማታ በመኪና ወደ መድረሳ ይሄዳል፣ እዚያም ተቀምጦ ቁርኣን ይቀራል፣ በመኪና ይመለሳል። ቅዳሜና እሑድም እንደዚሁ። በማስተማር ላይ ሳለን እንዳየነው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የተቀመጠ ልጅ ሒፍዙም አይገባለትም።

በ2005 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ «ደኅንነቱ የተጠበቀ የትምህርት ቤት መንገድ» ለሚባለው ፕሮግራም እስከ 2009 ድረስ 612 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ሐሳቡ የተወለደው በ1970ዎቹ ኦደንሴ በምትባለው የዴንማርክ ከተማ ነው። በገንዘቡ የእግረኛ መንገድ፣ የመሻገሪያ ምልክት፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተሠራ። በ2012 ግን ኮንግረስ ፕሮግራሙን ራሱን የቻለ መሆኑን አስቀርቶ ከሌሎች ጋር ቀላቀለው፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ከብስክሌት መንገድና ከመሰል ሥራዎች ጋር ለአንድ ገንዘብ ይወዳደራሉ። የማመልከቻ ቅጽ የሚሞላ ባለሙያ ያለው ሀብታም አካባቢ በእንዲህ ያለ ውድድር እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው።

ከሱቅ እስከ ቤት

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2009 ለኮንግረስ ባቀረበው ጥናት 2.3 ሚሊዮን ቤተሰቦች ከሱፐርማርኬት ከአንድ ማይል በላይ ርቀው የሚኖሩና መኪና የሌላቸው መሆናቸውን ገለጸ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑና ከነዋሪዎቻቸው ቢያንስ 500 ሰው ወይም ሲሶው በከተማ ከአንድ ማይል፣ በገጠር ከ10 ማይል በላይ ከሱፐርማርኬት የሚርቁባቸው ሰፈሮች «የምግብ በረሃ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ስሙን እኛ ብዙም አንወደውም። በረሃ አላህ የፈጠረው ነው፤ ይህኛው ግን በሰው ውሳኔ የመጣ ነው። ምግብም አልጠፋም። ቺፕስ፣ ለስላሳ፣ ጣፋጭ ኬክና የተጠበሰ ዶሮ በየጥጉ ሞልቷል። የጠፋው ጎመን ነው።

መኪና የሌለው ቤተሰብ እንዴት እንደሚገዛ እናስብ። ሱፐርማርኬት ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መያዝ ካለበት በሳምንት ሁለት ጊዜ አይሄድም። በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ የምግብ ድጋፉ ካርድ ሲሞላ፣ መኪና ያለው ዘመድ ወይም ታክሲ ለምኖ ይሄዳል። በወር አንዴ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚገዛው የማይበላሸውን ነው፤ ፓስታ፣ የታሸገ ሾርባ፣ ነጭ ዳቦ፣ በጠርሙስ የታሸገ ጭማቂ፣ በረዶ ውስጥ የቆየ ፒዛ። ሰላጣና ፍራፍሬ በሳምንቱ ይጠወልጋል። የልጁ ሳህን ላይ የሚቀመጠውን ምግብ በዚህ መልኩ የአውቶቡሱ የጊዜ ሰሌዳ ይወስነዋል። አውቶቡሱ በየአሥር ደቂቃው ቢመጣ እናቲቱ ከሥራ ስትመለስ ወርዳ ሙዝና ቲማቲም ይዛ ትገባ ነበር።

በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያሉት ዋርድ 7 እና ዋርድ 8 የዚህ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። በሁለቱ በአንድ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ እየኖረ ሙሉ አገልግሎት የሚሰጡት ሱፐርማርኬቶች ለዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከወንዙ ወዲህ ያለው ነዋሪ ግን በእግሩ ሊደርስባቸው የሚችላቸው በርካታ ናቸው። ከተማዋ ተማሪዎች በአውቶቡስና በባቡር በነጻ እንዲሄዱ ማድረጓ መልካም ነው፤ ሆኖም ወላጅ ለግዢ ሲወጣ ይከፍላል።

ለሙስሊሙ ቤተሰብ ርቀቱ ድርብ ነው። ሐላል ሥጋ ቤቱ አንድ ቦታ ነው፣ አትክልቱ ሌላ ቦታ። ጤፍ፣ በርበሬና እንጀራ የሚሸጡት የሐበሻ ሱቆች ደግሞ እንደ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ የዳር ከተሞች ተሰብስበው ይገኛሉ። መኪና ያለው ሦስቱን በአንድ ከሰዓት ይዞራል። የሌለው ከሦስቱ አንዱን ይተዋል፤ የሚተወውም ብዙ ጊዜ አትክልቱን ነው፣ ሐላሉን መተው አይችልምና። ታክሲና ኡበር የሚነዱ አባቶች ያሉባቸው ቤተሰቦች እንኳ ከዚህ አያመልጡም። መኪናው እስከ ሌሊት ሥራ ላይ ነው፣ አባትየውም ቀኑን ሙሉ ከመሪው ጀርባ ተቀምጦ ይውላል።

በኢንተርኔት መግዛት ይህን ያቃልላል ተብሎ ነበር። የምግብ ድጋፍ ካርድ በኢንተርኔት መጠቀም በ2019 በኒው ዮርክ በሙከራ ተጀምሮ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ወደ ብዙ ክፍለ አገሮች ተስፋፍቷል። ግን የማድረሻውን ክፍያ በካርዱ መክፈል አይቻልም፤ ከኪስ ነው የሚወጣው።

ሱፐርማርኬት መክፈት ብቻ ይበቃል?

አይበቃም። በፊላደልፊያ የምግብ በረሃ በተባለ ሰፈር አዲስ ሱፐርማርኬት ከተከፈተ በኋላ የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት ነዋሪው ጤናማ ምግብ ቀርቦልኛል ብሎ ማሰቡ ቢጨምርም የሚበላው አትክልትና ፍራፍሬም ሆነ ክብደቱ እንዳልተለወጠ አሳይቷል። በ2019 የታተመ ሌላ ሰፊ የምጣኔ ሀብት ጥናት በሀብታምና በድሃ መካከል ካለው የአመጋገብ ልዩነት ውስጥ በአቅርቦት የሚገለጸው አንድ አሥረኛው ገደማ መሆኑን አገኘ። ቀሪው ዋጋ፣ ልማድ፣ እውቀትና ጊዜ ነው።

ይህን የምናነሳው ነገሩን ለማቃለል አይደለም። አንዳንድ ተሟጋቾች ሱቅ ከተከፈተ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ይላሉ፤ በተቃራኒው ያሉት ደግሞ እነዚህን ጥናቶች ይዘው «ጥፋቱ የድሃው ራሱ ነው» ይላሉ። ሁለቱም አይደለም። የመንገዱ ጉዳት በምግብ ብቻ ሳይሆን በእንቅስቃሴም በኩል ስለሚመጣ አንዱን ለይቶ መለካት ከባድ ነው። በአትላንታ በአዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2004 የታተመ ጥናት በቀን በመኪና ውስጥ የሚጠፋ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት ከልክ በላይ የመወፈርን ዕድል በ6 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ፣ በእግር የሚኬድ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ደግሞ በ4.8 በመቶ ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናትም በሕዝብ ማመላለሻ የሚጠቀም ሰው ወደ ፌርማታ ለመሄድና ከዚያ ለመመለስ ብቻ በቀን 19 ደቂቃ ያህል እንደሚራመድ አስልቷል። አውቶቡስ መያዝ በራሱ የእግር ጉዞ ነው። እነዚህ ተያያዥነትን ያሳያሉ እንጂ መንገዱ ብቻውን ያወፍራል አይሉም፤ መራመድ የሚወድ ሰው መራመጃ ያለበት ሰፈር መርጦ ሊገባም ይችላል።

የመኪና ማቆሚያ ሕግና መስጂዶቻችን

የአሜሪካ ከተሞች ለየሕንጻው ስንት የመኪና ማቆሚያ እንደሚያስፈልግ በሕግ ይወስናሉ። መስጂድ ሲሠራ ወይም ሲገዛ በሰጋጁ ቁጥር ልክ ማቆሚያ ይጠየቃል። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጀመዓው በሚኖርበት ሰፈር መሐል ቦታ ስለማይገኝ ከፈጣን መንገድ ዳር ያለ አሮጌ መጋዘን ወይም የቢሮ ሕንጻ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ልጅ ለብቻው በእግሩ ለመግሪብ ሊሄድ አይችልም።

ሕጉ ለአድልዎም መሣሪያ ሆኖ ያውቃል። በኒው ጀርሲ የበርናርድስ ከተማ አስተዳደር በ2015 የባስኪንግ ሪጅ ኢስላማዊ ማኅበርን የመስጂድ ግንባታ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ክርክሩ በአብዛኛው ስለ መኪና ማቆሚያ ነበር፤ በከተማዋ መለኪያ 50 ማቆሚያ የሚበቃው መስጂድ 107 ተጠየቀ። ለቤተ ክርስቲያኖች የተሠራበት መለኪያ ለመስጂዱ አልሠራም። የፌዴራል ዳኛው በ2016 የመጨረሻ ቀን ለማኅበሩ ፈረዱ፤ በ2017ም ከተማዋ 3.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ባፋሎ በ2017፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ደግሞ በ2021 ዝቅተኛውን የማቆሚያ ግዴታ በጠቅላላ አንስተዋል። በእነዚህ ከተሞች መስጂድ ለማቋቋም የሚያስብ ጀመዓ አሁን ሰፈር ውስጥ መፈለግ ይችላል።

መንገድ በፊቅህ

መንገድን የሕዝብ ጤናና መብት ጉዳይ አድርጎ ማየት ለእኛ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በቡኻሪ እንደተዘገበው ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲወዛገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰባት ክንድ እንዲሆን ወስነዋል። ዑለሞች ምክንያቱን ሲያብራሩ ጭነት የያዘው እንስሳና እግረኛው ሳይጋፉ እንዲተላለፉ ነው ይላሉ። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች እንደሚቆጠር፣ መንገድ ላይ የሚቀመጥ ሰውም የመንገዱን ሐቅ መስጠት እንዳለበት ልጆች በመድረሳ የሚማሩት ነው። በ1058 የሞቱት አል-ማወርዲ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት መጽሐፋቸው ሙሕተሲቡ ገበያውን፣ ሚዛኑንና የምግቡን ንጽሕና ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚዘጋ ግንባታንም እንዲከለክል ያስቀምጣሉ። ገበያና መንገድ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ።

በሌላ በኩል ሆድን ከመጠን በላይ መሙላት በሱናው የተነቀፈ ነው፤ ሱረቱል አዕራፍም ብሉ ጠጡ ካለ በኋላ ማባከንን ይከለክላል። ስለዚህ «ፖሊሲው ነው» ብሎ የቤትን ኃላፊነት መጣል አይቻልም። ረመዷን ላይ በየመስጂዱ ኢፍጣር የሚቀርበውን ዘይት የጠጣ ሳምቡሳና ለስላሳ ያመጣው የመንገድ ሚኒስትር አይደለም።

አዲስ አበባ

በኢትዮጵያ ዋናው የሕፃናት ችግር ዛሬም ተቃራኒው ነው፤ በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 37 በመቶው በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር ናቸው። ይህ አሜሪካኖች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ሊመልሱት የሚጥሩት ሀብት ነው። ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል መንገዶች ለመኪና ዝግ እየሆኑ ልጆች ይጫወቱባቸዋል፤ በ2020ም ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ወጥቷል።

የምግቡ በኩል ግን ትኩረት ይፈልጋል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2020 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። የጉሊት ነጋዴዋ ለአንድ ኬሻ ቲማቲም የምትከፍለው የመጓጓዣ ወጪ ከዋጋው ላይ ይጨመራል። ጉሊት በሰፈር ውስጥ ትኩስ አትክልት በእግር ርቀት የምታቀርብ ናት። መንገድ ሲሰፋ ጉሊቷ የምትነሳ ከሆነ በቦታዋ የሚተካው ብስኩትና ለስላሳ የሚሸጠው ሱቅ ነው።

በአሜሪካ ያለ ጀመዓ የት ይሂድ?

የፌዴራል የትራንስፖርት ገንዘብ በትልልቅ ከተሞች የሚደለደለው የክልል የትራንስፖርት ዕቅድ ቦርድ በሚባሉ አካላት በኩል ነው። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አስተያየትም በጽሑፍ ይቀበላሉ። የአውቶቡስ መስመር ሲቀየር ወይም ሲሰረዝ አስቀድሞ የሕዝብ አስተያየት ይጠየቃል። የትኛው ልጅ በትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደሚሄድ፣ የትኛው በእግሩ እንደሚሄድ የሚወስነው ደግሞ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ነው። ታክስ የማይከፍል የሃይማኖት ድርጅት እጩ መደገፍ ቢከለከልም የእግረኛ መንገድ ይሠራልን፣ አውቶቡሱ መስጂዱ በር ላይ ይቁም ብሎ መጠየቅ አይከለከልም። አንዳንድ ኢማሞች ሁለቱን እያምታቱ ዝም ማለታቸው ጉዳት አለው።

ቤት ውስጥ የሚቻለውም አለ። አንድ ወይም ሁለት ወላጆች በተራ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው በእግር ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱበት አሠራር በብዙ ከተሞች ይሠራል፤ ጎረቤት ሆነው ለሚኖሩ የጀመዓ ቤተሰቦች ቀላል ነው። የመስጂዱ ቫን ከጁሙዓ በኋላ ቆሞ ከሚውል በሳምንት አንድ ጊዜ መኪና የሌላቸውን እናቶችና አረጋውያን ወደ ገበያ ቢያደርስ ሰደቃ ነው። በብዙ የገበሬ ገበያዎች የምግብ ድጋፍ ካርድ ያለው ሰው ለአትክልትና ፍራፍሬ በሚያወጣው ልክ ተጨማሪ ይሰጠዋል፤ ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ቋንቋ እንቅፋት መሆን የለበትም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገሩ ምክንያት ማንንም እንዳያገል ያስገድዳል። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ። ለሕዝብ ስብሰባ አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው ጥሪው ላይ ባለው ስልክ ከስብሰባው ቀናት አስቀድሞ ደውሎ «አማርኛ» ብሎ ማስመዝገብ አለበት።